የአረቄ ማውጫ መዳብ እንዴት ይጠበቃል?

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ በብዙ ቤት በማድቤት ጥግ ተሰቅሎ ስለሚገኝ አንድ ዕቃ ነው፤ ይኸውም ለአረቄ ማውጫ የሚያገለግለው የመዳብ ቱቦ ነው። «ስንት ከባድ ጉዳይ ሞልቶ ሳለ ስለ ቱቦ መናገር ምን ይሉታል?» የሚል አድማጭ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን ትንሽ መስሎ የሚታየው ነገር ተንቆ ሲቀር የሰውን ጤና፤ ከጤናም አልፎ የሰውን ስም የሚያጠፋበት ጊዜ አለ። ይህንንም የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ዘመዶቼ ቤት ስለ ሆነ፤ አስቀድሜ ያየሁትን ላውጋችሁና ከዚያ በኋላ ወደ ምክሩ እሻገራለሁ።

ዐሥር ዓመት ሳይሞላኝ ነው። የእናቴ ታላቅ እኅት በአንዲት የደጋ ከተማ ይኖሩ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አራት ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት ጠላ እየጠመቁና አረቄ እያወጡ ነበር። እጃቸው የተመሰገነ፤ ለሠርግም ለተዝካርም የሚጠሩ ሴት ነበሩ። ቀድሞ አረቄውን የሚያወጡት እንደ እናታቸው በሸክላ ጋንና በመቃ ሲሆን፤ ኋላ ግን አንድ ዘመድ የመዳብ ቱቦ ገዝቶ ሰጣቸው። መቃው በየጊዜው እየተሰነጠቀ ያስቸግራቸው ስለ ነበረ በቱቦው እጅግ ደስ አላቸው።

በአንድ ክረምት ታዲያ ቱቦው ሳይታጠብ፤ ከማድቤቱ ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ከረመ። የመስቀል በዓል ሲቃረብ አክስቴ አውርደው ላይ ላዩን በውሃ አለቀለቁትና ድፍድፉን ጣዱ። መጀመሪያ የወረደው አረቄ እንደ ወትሮው ጥርት ያለ አልነበረም፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ መልክ ነበረው። አክስቴም «የጌሾው መልክ ይሆናል» ብለው ከሌላው ጋር ደባለቁት።

በበዓሉ ዋዜማ ሦስት ጎረቤቶች ተጠርተው ቀመሱ። ሌሊቱን ሦስቱም ሲያስታውካቸውና ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው አደረ። ከሦስቱ አንደኛው ከአክስቴ ጋር በአጥር ድንበር ተጣልቶ ገና የታረቀ ሰው ስለ ነበረ፤ በማግሥቱ በመንደሩ ውስጥ የተወራው «መርዝ አጠጣችን» የሚል ነበር። ወሬው ከእሑድ እስከ ማክሰኞ ገበያውን ሁሉ አዳረሰ። ነገሩ ወደ ዳኛ ከመድረሱ በፊት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ከሽማግሌዎቹም አንዱ ቀድሞ በሐኪም ቤት ድሬሰር የነበሩ አዛውንት ነበሩ። እኒህ ሰው ክርክሩን ሰምተው ሲያበቁ «እስቲ ያወጣሽበትን ዕቃ አምጪልኝ» አሉ። ጥጥ በሎሚ አርሰው በእንጨት ጫፍ ጠመጠሙና በቱቦው አፍ አስገብተው አሽከረከሩት። ጥጡ ሲወጣ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኖ ነበር። አዛውንቱም ለተሰበሰበው ሰው ከፍ አድርገው አሳዩና «መርዝስ አለ፤ ያገባው ግን ሰው አይደለም፤ ክረምቱ ነው» አሉ።

ሦስቱም ሰዎች በጥቂት ቀን ውስጥ ዳኑ፤ ነገሩም በዕርቅ አለቀ። ይሁን እንጂ ወሬ ቶሎ ይገባል እንጂ ቶሎ አይወጣምና፤ እስከ ገና ድረስ የአክስቴን ደጅ የረገጠ ደንበኛ አልነበረም። የዚያን ዓመት የልጆቹ ቀለብና ደብተር ከየት እንደ መጣ እኛ ዘመዶች እናውቃለን። ይህ ሁሉ ችግር የመጣው ግማሽ ሰዓት በማይፈጅ እጥበት ጉድለት ነበር።

አድማጮቼ፤ አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። አረቄ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን መነሻ ትርጓሜው ላብ ማለት ነው። በእርግጥም አረቄ የድፍድፍ ላብ ነው። ድፍድፉ በእሳት ሲሞቅ አልኮሉ ከውሃው ይልቅ ቀድሞ ይተናል፤ እንፋሎቱም በቱቦው ውስጥ ሲያልፍ በውሃ እየቀዘቀዘ ተመልሶ ጠብ ጠብ ይላል። ንጹሕ አልኮል በባሕር ወለል ላይ የሚፈላው በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፤ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ስፍራ ግን ሁለቱም ከዚህ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላሉ፤ ውሃም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ትልቅ ነገር አለ። የሚተነው አልኮልና ውሃ ከጥቂት የሽታ ቅመሞች ጋር ነው እንጂ፤ የጌሾውም ሆነ የብቅሉ ቀለም አይደለም። ቀለሙ በጋኑ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ከቱቦው አፍ የሚወርደው አረቄ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ መሆን አለበት። አንዳች ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መልክ ካለው ያን መልክ ያመጣው ዕቃው ነው፤ መዳቡ እየሟሟ ከመጠጡ ጋር ወርዷል ማለት ነው። የአክስቴ ስሕተት ይህን አለማወቅ ነበር።

«እንዲህ ከሆነ ታዲያ መዳቡን ለምን አንተወውም?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መዳብ የተመረጠበት በቂ ምክንያት አለ። አንደኛ፤ ሙቀትን ከብረት አምስት ጊዜ ያህል አብልጦ ስለሚያስተላልፍ እንፋሎቱን ፈጥኖ ያቀዘቅዛል። ሁለተኛ፤ እንደ ልብ ይታጠፋል፤ እንደ ብረትም ዝጎ አይበላም። ሦስተኛውና ዋነኛው ግን፤ ድፍድፉ በሚቦካበት ጊዜ ከእርሾው የሚመነጩትን የድኝ ዘር ያለባቸውን፤ እንደ ተበላሸ ዕንቁላል የሚሸቱትን ነገሮች መዳብ ይዞ ያስቀራቸዋል። የስኮትላንድ የብቅል ውስኪ የሚወጣው፤ የፈረንሳይ ኮኛክም እንደ እኛ ዳግም አረቄ ሁለት ጊዜ የሚጣራው፤ በመዳብ ዕቃ መሆኑ በከንቱ አይደለም።

ነገር ግን መዳቡ ይህን ሥራ የሚሠራው ራሱ እየቆሸሸና እየሳሳ ነው። የያዘውን ድኝ በላዩ ላይ አጥቁሮ ያስቀረዋል። ስለዚህም በትልልቅ ፋብሪካዎች እንኳ የመዳቡ ውፍረት በየጊዜው እየተለካ፤ የሳሳው ክፍል ይለወጣል። ቤት ውስጥ ያለው ቱቦም ለዘለዓለም የሚያገለግል አይደለም።

እንግዲህ የመዳብን መልኮች ለይቶ ማወቅ ይገባል። ቡናማና ደብዘዝ ያለው መልክ መዳብ ከአየር ጋር ሲገናኝ የሚለብሰው ስስ ልብስ ነው፤ ጉዳት የለውም። ከውጭ እንደ መስታወት እስኪያበራ ድረስ ዘወትር መፈተግ መዳቡን ከማሳሳት በቀር ጥቅም አይሰጥም። ጥቁሩ መልክ ከድኝና ከጢስ የሚመጣ ነው፤ ሲበዛ የመዳቡን ሥራ ያግዳልና መጠረግ አለበት። አረንጓዴውና ሰማያዊው መልክ ግን አደገኛው ነው። ይህ የሚፈጠረው እርጥበት፤ አየርና ኮምጣጣ ነገር በመዳቡ ላይ ሲገናኙ ነው። ድፍድፍ ከልክ በላይ ቆይቶ ሲሆመጥጥ፤ የሆመጠጠውም ቅሪት በቱቦው ውስጥ ሳይታጠብ ሲከርም፤ አረንጓዴው ዝገት ይወለዳል። አልኮልና እንፋሎትም በላዩ ሲያልፉ አጥበው ወደ መለኪያው ያወርዱታል።

የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የወሰነው የመዳብ ልክ በ1 ሊትር 2 ሚሊ ግራም ነው። መዳብ ከልክ ሲያልፍ ያቅለሸልሻል፤ ያስታውካል፤ ሆድ ይቆርጣል፤ ተቅማጥም ያስከትላል።

አሁን ስለ አጠባቡ በተራ ልናገር። እጥበቱ በሦስት ጊዜ ይከፈላል።

የመጀመሪያው አረቄው ወጥቶ ባለቀ ቁጥር የሚደረገው ነው። እሳቱ ፈጽሞ ከጠፋና ጋኑ ከቀዘቀዘ በኋላ ቱቦው ይፈታል። እሳት እየነደደ ማያያዣውን መክፈት ክልክል ነው፤ የአልኮል እንፋሎት እንደ ቤንዚን በእሳት ይያያዛልና። ከዚያ በኋላ ፍል ውሃ በአንደኛው አፍ እየጨመሩ፤ ከሌላው አፍ የሚወጣው ጠርቶ ሽታ እስኪያጣ ድረስ ማሳለፍ ነው። ቱቦውም አንደኛው አፉ ዝቅ ብሎ፤ ውሃው ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ድረስ አየር በሚያገኝ ስፍራ ይሰቀል። ሲደርቅ ሁለቱን አፎች በንጹሕ ስስ ጨርቅ ማሰር ነው፤ ነፍሳት እንዳይገቡ ያግዳል። በቡሽ ወይም በላስቲክ አጥብቆ መድፈን ግን አይገባም፤ የቀረውን እርጥበት አፍኖ ይይዛልና።

ሁለተኛው ቱቦው ሰንብቶ እንደ ገና ለሥራ ሲፈለግ የሚደረገው ነው። በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ግማሽ ሊትር አቼቶ ወይም የጥቂት ሎሚዎች ጭማቂ፤ ከ1 የሾርባ ማንኪያ ጨው ጋር ይበጠበጣል። ይህ ውሃ በቱቦው ውስጥ ሞልቶ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያል። ቱቦው የተጠማዘዘ ከሆነ ጥቂት ደረቅ የጨው እንክብል ጨምሮ ደጋግሞ ማነቃነቅ ቆሻሻውን ያላቅቀዋል። ሲደፋ የሚወጣው ውሃ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ከሆነ፤ ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ እጥበቱ ይደጋገማል። ቀጥሎም በ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ተበጥብጦ ይለቀለቃል፤ ይህም የቀረውን ኮምጣጣነት ያጠፋዋል። በመጨረሻም በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ጨውና ኮምጣጤ መዳቡን ያጸዱ ዘንድ ጥሩ አገልጋዮች ናቸው፤ ውስጥ ከቀሩ ግን ራሳቸው አዲስ ዝገት ይወልዳሉ። ስለዚህ መለቅለቁ ከማጠቡ አያንስም። ያ የታጠበበት ውሃ መዳብ አለበትና ዶሮና ከብት ከሚጠጡበት፤ ከጉድጓድ ውሃም አጠገብ አይደፋ።

ሦስተኛው የእንፋሎት እጥበት ነው። ድፍድፉ ከመጣዱ በፊት በጋኑ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ብቻ ጨምሮ ማፍላት፤ እንፋሎቱንም በቱቦው ውስጥ ለሩብ ሰዓት ያህል ማሳለፍ ነው። የሚወርደው ውሃ ይደፋል። ቱቦው የተከፈተ ወይም የተደፈነ መሆኑም በዚሁ ይታወቃል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቱቦው ተቆልምሞ ወይም በቅሪት ተደፍኖ እንፋሎቱ መውጫ ካጣ ጋኑ ይፈነዳል፤ ማድቤቱም ሊቃጠል ይችላል።

ለማጠቢያ የማይፈቀዱ ነገሮች ደግሞ አሉ። በረኪና ወደዚህ ዕቃ አይቅረብ። መዳቡን ይበላዋል፤ ከዚህም ይልቅ ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ሲገናኝ ሳንባን የሚያቃጥል መርዘኛ አየር ያወጣል። የመኪና ባትሪ አሲድም እንደዚሁ ነው። የብረት መፈተጊያ ሽቦ መዳቡን እየጫረ ስብርባሪውን በውስጡ ይተዋል፤ በምትኩ በገመድ ላይ የታሰረ ጨርቅ ይበቃል። ከውጭ ያለውን ጥላሸት በተነፋ አመድና በሎሚ ልጣጭ ማሸት እናቶቻችን የሚያውቁት መልካም ዘዴ ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ እስካሁን የተናገርሁት በዓይን ስለሚታየው ጠላት ነው። በዓይን የማይታይ ሌላ ጠላት ግን አለ፤ እርሱም እርሳስ ነው። ቱቦውን ከክዳኑ ጋር ለማያያዝ ወይም የተቀደደውን ለመድፈን በእርሳስ የሚበይዱ ሰዎች አሉ። እርሳስ ከመዳብ እጅግ የከፋ ነው። መዳብ ከበዛ አብዛኛውን ጊዜ መልኩና ጣዕሙ ያስታውቃል፤ ሰውየውም ወዲያው ያስታውከዋል። እርሳስ ግን መልክም ሽታም ሳይኖረው በአጥንት ውስጥ እየተጠራቀመ ደምን፤ ኩላሊትንና የአንጎልን ሥራ ይጎዳል፤ እርጉዝ ሴት ብትጠጣው ለፅንሱም ይተርፋል። ለመጠጥ ውሃ የተወሰነው የእርሳስ ልክ በ1 ሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ነው፤ ከመዳቡ ልክ 200 ጊዜ ያነሰ መሆኑን ልብ በሉ። በአሜሪካ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1920 እስከ 1933 ዓ.ም. መጠጥ በሕግ በተከለከለበት ዘመንና ከዚያም በኋላ፤ በስውር መጠጥ የሚያወጡ ሰዎች የአሮጌ መኪና ራዲያተር ለማቀዝቀዣ ያደርጉ ነበር። የራዲያተሩ ብየዳ እርሳስ ስለ ነበረበት ብዙ ሰዎች ተመርዘዋል።

እርሳስን ማጠብ አያስለቅቀውም፤ እንዲያውም አቼቶና ሎሚ ያሟሙታል። ስለዚህ ብየዳው በምን እንደ ተሠራ ያልታወቀ ቱቦ ቢኖር የተበየደውን ክፍል ቆርጦ መጣል ነው። አዲስ ብየዳ የሚያስፈልግ ከሆነ ባለሙያው እርሳስ የሌለበትን፤ ለመጠጥ ውሃ ቧንቧ የሚፈቀደውን የብየዳ ዓይነት እንዲጠቀም በግልጽ መንገር ይገባል። ከሁሉ የሚሻለው ግን መገጣጠሚያውን ያለ ብየዳ አጥብቆ አግጥሞ፤ በወፍራም የዱቄት ሊጥ መምረግ ነው። ሊጡ ሙቀት ሲያገኝ ይደርቃል፤ ሥራው ሲያልቅም ተፈንቅሎ ይጣላል። የላስቲክ ቱቦ በመገጣጠሚያው ላይ ማድረግ አይገባም፤ የጋለ የአልኮል እንፋሎት ከላስቲኩ የማይጠጣ ነገር አሟሙቶ ያወጣልና።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ባልፍ አድማጩን አሳስተዋለሁ። የመዳቡ ንጽሕና ሁሉን አያድንም። ሜታኖል የሚባለው፤ ዓይን የሚያጠፋውና ነፍስ የሚገድለው የአልኮል ዓይነት መልኩ እንደ አረቄ የጠራ ነው፤ ንጹሕ ቱቦም አያስቀረውም። ይህ መርዝ ብዙ ሰው የሚፈጀው በአብዛኛው ለፋብሪካ ሥራ የተዘጋጀ አልኮል ከመጠጥ ጋር ሲቀላቀል ነው። ስለዚህ ምንጩ ከማይታወቅ ሰው የተገዛ መጠጥ ጥርት ቢልም አይታመንም። ከጠጣ በኋላ ዓይኑ የደበዘዘበት፤ ወይም ትውከቱ ያላቋረጠ ሰው ቢኖር፤ «ስካሩ ነው፤ ይተኛ» ሳይባል፤ የጠጣውንም ጠርሙስ አስይዞ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።

ይህን ሁሉ ስናገር ሰው ሁሉ አረቄ ይጠጣ ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ለሽያጭ የሚያወጣም ሰው የፈቃዱንና የግብሩን ነገር ከሚመለከተው ክፍል ጠይቆ ይወቅ። የእኔ ነገር ስለ ዕቃው ነው። በቢሮ የምንውል ሰዎች ለበዓል ወደ ወላጆቻችን ቤት ስንሄድ መጠጡን እንቀበላለን እንጂ የወጣበትን ዕቃ አንጠይቅም። እንግዲህ በሚቀጥለው በዓል ከመቀመጣችን በፊት ማድቤት ገብተን «እናቴ፤ እስቲ ቱቦውን ልይልዎ» ብንል ነውር የለበትም። መገጣጠሚያውን መመርመር፤ ጥጥ በሎሚ አርሶ የቱቦውን አፍ መጥረግ፤ መለኪያውንም በነጭ ወረቀት ፊት አቁሞ መልኩን መመልከት ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም።

አክስቴ ከዚያ መስቀል በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ደንበኞቻቸውም ቀስ በቀስ ተመለሱ። እርሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ አረቄ ባወጡ ቁጥር የመጀመሪያውን መለኪያ በነጭ ስኒ ቀድተው፤ ወደ ብርሃን ወጥተው ሳያዩና ራሳቸው ሳይቀምሱ ለማንም አይሰጡም ነበር። «ምነው እትዬ፤ አሁንም ይጠራጠራሉ?» ሲሏቸው «ሰውን አልጠረጥርም፤ ቱቦውን ነው» ይሉ ነበር።